ጣሪያው ያላለቀ ቤት

እናታችን ከሞተች በኋላ በወረቀት የተሳሉትን የመስቀለኛ ጥልፍ ንድፎቿን እኔና ታላቅ እህቴ መደርደር ያዝን፤ አበባውን ከአበባ፣ ወፉን ከወፍ ጋር። ጨርቅ ላይ መጥለፍ የጀመረችው አንድ ንድፍ ብቻ ሳይደረደር ቀረ። ቤት ነው፤ ጣሪያው አላለቀም። እህቴ ጨርሳ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ቆርጣለች።

በመስቀለኛ ጥልፍ በእያንዳንዱ ስፌት ሁለት ክር ይሻገራል፤ ከላይ የሚያልፈው ክር ሁሉ ወደ አንድ ጎን ማጋደል አለበት። እናታችን ግራኝ ስለነበረች የሷ ወደ ግራ ያጋድላል። የእህቴ ግን ወደ ቀኝ ነው።

"እታለም፣ እማዬ ብታይሽ ፈትታ ነበር የምታስደግምሽ" አልኳት።

"አንተ ልጅ፣ ወረቀትህን ደርድር! ይቺን ሳልጨርስላት እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ግማሹን ጣሪያ ጠልፋ ጨርቁን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አንጠለጠለችው። በሩን ቆልፋ ቁልፉን ያዘች፤ ወጥተን አብረን ምሳ በላን።

ስንመለስ የእህቴ ክር ተፈትቶ፣ በወጉ ተጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጣሪያው እንደገና ተጠልፏል፤ እሷ ካቆመችበትም አልፏል። ስፌቱ በሙሉ ወደ ግራ ያጋድላል።

"አንተ ነህ?" አለችኝ በሹክሹክታ፣ ቁልፉን እንደጨበጠች።

መስኮቱ ዝግ ነበር። ከጨርቁ በክሩ የተንጠለጠለው መርፌ ገና ይወዛወዛል።