የማማው ላይ ለቅሶ

ቆንጅት ማማዋ ላይ ወንጭፏን ይዛ ማሽላዋን ከወፍ ስትጠብቅ፣ አንበጣ የምታስስ ትንሽ አውሮፕላን ማሽላውን ልትነካ እስኪመስል ዝቅ ብላ መጣች። በመሃላቸው ትናንት የተዘረጋ የመብራት ሽቦ አለ። ቆንጅት ነጠላዋን እያውለበለበች፣ «ተመለስ ልጄ!» ብላ ጮኸች። አብራሪው ግን ሰላምታ መስሎት ክንፉን ወዝወዝ አደረገና ይባስ ዝቅ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

ነጠላዋን ጣለች። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና እንደ ሐዘንተኛ እዬዬ አለች።

«ኧረ እጅሽን አውርጂ፣ ሟርት ነው!» አለ ባሏ ደጀን ከማማው ሥር።

አላወረደችም። አብራሪው ለቅሶዋን ሲያይ አውሮፕላኗ ድንገት አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ከሽቦው በላይ ለጥቂት አለፈች።

«ማን ሞቶ ነው የምታለቅሽው?» አለ ደጀን።

ቆንጅት ነጠላዋን አነሳችና አሁን ለአብራሪው ለሰላምታ አውለበለበችለት።

«እናቱ እንዳታለቅስ ብዬ ነው» አለች።