ከሄሊኮፕተሩ ሥር

ደምሰው የተቆረጠውን ግንድ በሽቦ ገመድ አሰረና ከሄሊኮፕተሩ በተንጠለጠለው መንጠቆ ላይ አያይዞ ዳገቱን ሽቅብ ሮጠ። ግንድ ሲነሣ ሰው ከሥሩ አይቆምም። ተገን የሚሆነው ትልቅ ጥድ ጋ ሲደርስ በሬዲዮው፣ «ወጥቻለሁ፣ አንሣ» አለ በእንግሊዝኛ። ማለዳ በባዕድ አገር ከሚኖርባት ከተማ ከኦሮራ ተነሥቶ እዚህ ተራራ ላይ ከወጣ ጀምሮ ከአፉ የወጣው ይኸው ብቻ ነበር፤ ሃያ ጊዜ ያህል ደጋግሞታል።

ግንዱ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ እንደደረሰ ከገመዱ አፈተለከ። ደምሰው ከጥዱ ጀርባ ተለጥፎ ራሱን በክንዶቹ ሸፈነ። ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ቀና ሲል ግንዱ ቅድም እሱ ቆሞበት የነበረውን ቦታ ደርምሶ ወደ ገደሉ ሲንከባለል አየ።

«ደምሰው! ደህና ነህ?» አለ አብራሪው በሬዲዮው፣ ስሙን እያጣመመ። ደምሰው ገና ገደሉን ቁልቁል ይመለከት ነበር። «መልስልኝ እንጂ! ድምፅህን ሳልሰማ የትም አልሄድም።» ሄሊኮፕተሩ እውነትም ራቅ ብሎ አየር ላይ ቆመ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የደምሰውን ድምፅ ቆሞ የጠበቀ ሰው አልነበረም። የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነ። በእንግሊዝኛ ሊመልስ ነበር ያሰበው፤ የወጣው ግን አማርኛ ሆነ።

«አለሁ።»

«ምን አልክ?»

«አለሁ» አለ ደግሞ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ።

«ቋንቋው አልገባኝም፤ ግን ሰምቼሃለሁ። ለዛሬ ሥራ እናቁም» አለ አብራሪው፤ ሄሊኮፕተሩም ዞሮ ከሸንተረሩ ማዶ ተሰወረ። ደምሰው፣ «አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠይቀኝ ይሆናል» ብሎ ሬዲዮውን ከጆሮው ሳያነሣ ብዙ ቆየ።