የታጠበው ሸሚዝ

ውሻ አርቢዋ ሸሚዙን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ትስባለች። አንዴ፣ ሁለቴ። ኮሌታውን ታሸታለች፣ ብብቱን ታሸታለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በአፌ እየተነፈስኩ፣ የሹራቤን እጅጌ ለአራተኛ ጊዜ በሶፍት እጠርጋለሁ።

ክፍሉ ይገማል። ለዚህ የሚሆን ጨዋ ቃል የለኝም። አምስት ቡችሎች በሽንት በራሰ ጋዜጣ ላይ ይንከባለላሉ፤ አንዱ የጣለውን ሌላው ይረግጠዋል። እናትየዋ ጡቶቿን ዘርግታ ተኝታ፣ ትንሹ ያስመለሰውን በምላሷ ትለቅማለች። ሴትየዋ በስልክ «ጠዋት፣ ሳላጸዳ ነይ» ያለችኝ አውቃ ነው። «የጸዳ ቤትማ አጭበርባሪውም ያሳያል፤ የቡችላ ጤና የሚታየው ከካካው ነው» ብላኝ ነበር። በነጭ ጫማ መምጣቴ የራሴ ጥፋት ነው።

«ይሄ ያባትሽ ነው?» ትለኛለች።

«አዎ» እላለሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ውሸትም አይደለም፤ ሸሚዙ የሱ ነው።

«ሳሙና ነው የሚሸተው።»

ይህች ሴት ቡችላ የምትሰጠው እንደ ሌላው ሻጭ አይደለም። ገዢው ሦስት ቀን የተለበሰ ልብስ ሳያጥብ ያመጣላታል፤ ቡችላው አንድ ሳምንት እዚያ ላይ ይተኛል፤ ወደ አዲሱ ቤት ሲገባ ሰውየው እንግዳ አይሆንበትም። ለአባቴ ደግሞ ይሄ የግድ ነው። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ከአልጋው አይነሳም፣ አንደበቱም ተይዟል። የቀረችው አንዲት ቃል «ዳማ» ናት፤ የሞተችበት ውሻው ስም። ቡችላው በራሱ ወዶ ካልሄደለት፣ አልጋው ላይ ሆኖ ከሩቅ ሲያየው ሊውል ነው።

የምታስታምመው ሴት ትናንት ሸሚዙን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። እኔ ልብስ አጠባ ቤት አለኝ፤ የማላስለቅቀው እድፍ የለም። ሱቄ ገብቼ ፌስታሉን ስፈታው ላብ፣ ሽንት፣ የደረቀ ሾርባና የመታሻ ቅባት ባንድ ላይ ወጡብኝ። ጓንት አጥልቄ፣ በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ዙር። ተኮስኩትም።

«ልብስ ማጠብ ሥራዬ ነው። እጄ አላስችል ብሎኝ ነው» እላታለሁ።

«እጅሽ ነው አፍንጫሽ?»

ቅጥል እላለሁ። «እትዬ፣ እኔ ቡችላ ልወስድ እንጂ ንስሐ ልገባ አልመጣሁም! ሲበላ ይለምዳል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ?»

«የሚያበላው ማነው?»

«አስታማሚዋ።»

«እንግዲያው ያስታማሚዋ ውሻ ነው የሚሆነው።» ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ አትቆጣም። «አባትሽ ተነስተው ይይዙታል?»

«አልነገርኩዎትም? አይችልም።»

«ይጠሩታልስ?»

«አይችልም።»

«ታዲያ ልጄ፣ ምናቸውን ብሎ ይምጣላቸው? ሳሙናቸውን?» ሸሚዙን ትመልስልኛለች። «ለመሆኑ ምን ምን ይሸታሉ?»

አሳምሬ አውቀዋለሁ። ልጠይቀው ስሄድ ከሰላምታ በፊት መስኮት የምከፍተው ለዚሁ ነው። ወንበሬን መስኮቱ ስር አድርጌ፣ አሥር ደቂቃ ሳልሞላ ሥራ አለብኝ ብዬ የምነሳውም ለዚሁ ነው። ድሮ ጋራዥ ሲውል ግራሶና ሲጋራ ይሸት ነበር፤ ያመሸ ቀን ትርፍ ቱታውን ካላቀፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

«መድኃኒት» እላለሁ። ለራሴም በቅጡ አይሰማኝም።

ሸሚዙን ቦርሳዬ ውስጥ ልከት ቁጢጥ ስል፣ የመረጥኩት ቡናማ ቡችላ እየተንገዳገደ ይመጣል። ሸሚዙን ዞር ብሎም ሳያይ ያልፈዋል። እጅጌዬ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ያሸታል፤ ይልሳል፤ በጥርሱ ያዝ አድርጎ ይጎትታል።

«ኤጭ!» ብዬ እጄን እሰበስባለሁ።

«እዚያ ላይ ምን አለ?» ትላለች አርቢዋ።

«ምንም። ዛሬ ጠዋት ልጠይቀው ስገባ አባቴ ይዞኝ ነበር፣ ደህና በሆነችው እጁ። ስቦ አፉ ላይ አደረገው። ምራቁ ነው።»

«ሊስሙሽ ነው?»

«እኔ እንጃ። መንጭቄው ወጣሁ።»

ስናገረው ነው የገባኝ። ራሴን እጸየፋለሁ፤ ከጋዜጣውም፣ ከትውከቱም፣ ከሁሉም አብልጬ። ኩምሽሽ ብዬ ሶፍቱን ጨብጬ እቀራለሁ።

አርቢዋ ወደ ሹራቤ እጇን ትዘረጋለች። ሹራቤን አውልቄ እሰጣታለሁ። እናትየዋ አጠገብ ታነጥፈዋለች። ቡችላው ሁለቴ ይዞርበታል፣ ይሸናበታል፣ ከዚያ አፍንጫውን እጅጌው ውስጥ ወትፎ ይተኛል።

«የዛሬ ሳምንት ነይ» ትላለች። «ሹራቡም አብሮት ይሄዳል። እንዳታጥቢው።»

ውጭ ይበርዳል። የምደርበው ነገር የአባቴ ሸሚዝ ብቻ ነው። እለብሰዋለሁ፤ ይሰፋኛል። መንገድ ዳር ቆሜ ኮሌታውን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ እስባለሁ። አንዴ፣ ሁለቴ። ብብቱን አሸታለሁ። በደንብ ታጥቧል። አባቴ የለበትም።