የመጨረሻው ባሌስትራ

መስከረም የተነሳውን መዶሻ እጀታ ትይዛለች። "እሱን እንዳትቆርጠው!"

ቀጥቃጩ እሱባለው ቀና ብሎ ያያታል። ፊቱ የተጋደመው የመኪና ባሌስትራ መቆረጫው በከሰል ተሰምሮበታል። የቀሩት ብረቶች ማረሻ ሆነው አርብ ገበያ መሬት ላይ ለሽያጭ ተደርድረዋል።

"ይሄ የአያ አዱኛ ነው፣ ሲስተር። አዝዘውኛል።"

ከኋላዋ የጤና ጽሕፈት ቤቱ አሮጌ መኪና ወደ ግራ ዘመም ብላ ቆማለች፤ ባሌስትራዋ መንገድ ላይ ተሰብሯል። መስከረም ትከሻዋ ላይ ባንጠለጠለችው ሳጥን ውስጥ የኩፍኝ ክትባት አለ። በረዶው ሳይቀልጥ ከወገዳ ማዶ ኩፍኝ የገባበት ቀበሌ መድረስ አለበት።

ይህች መኪና መንትያ ነበረቻት። አምና ጽሕፈት ቤቱ በቁራጭ ብረት ዋጋ ሸጣት፤ እሱባለው ፊት የተጋደመው ባሌስትራ የእሷ ነው። "ሞዴሉ ተቋርጧል፤ ከእንግዲህ መለዋወጫ አይገኝም" ተብለው፣ ያለቻቸውን አንዲት መለዋወጫ ሸጡ። ይህን ለመወሰን ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ አስፈልጓል።

ያንን ምክር የሰጣቸው የመኪናው ኩባንያ ወኪል ዛሬም መጥቷል፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አዲሷን ሞዴል ሊያሳይ።

"ፋብሪካው በከንቱ አላቆማትም" ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። "የጭስ ሕጉ ጠበቀ። የግጭት ፈተናውንም አታልፍም። ደግሞስ ምን ታዋጣለች? አንዴ የገዛት ሰው ሃያ ዓመት ተመልሶ አይመጣም። ደንበኛ ዛሬ የሚፈልገው ስክሪን ነው፤ ለስላሳ ወንበር ነው።"

"የትኛው ደንበኛ?"

"የከተማው ነዋ።"

"እንግዲያው በአዲሷ ከወገዳ ማዶ አድርሰኝ።"

ወኪሉ መንገዱን ያያል፤ ከዚያ ጫማውን። "እሷ እኮ ለማሳያ የመጣች ናት። ለእንዲህ ያለው መንገድ… ኢንሹራንሱም አይሸፍንም።"

መስከረም እሱን ትታ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ቆሙት ገበሬ ትዞራለች።

"አያ አዱኛ፣ ይተዉልኝ።"

"እርሻው ሊያልፈኝ እኮ ነው፣ ልጄ።"

"ኩፍኙም ለልጆቹ ጊዜ አይሰጥም።"

ሽማግሌው ብረቱን በበትራቸው ጫፍ ይነካሉ። ከዚያ ዘመም ብላ ወደ ቆመችው መኪና ያያሉ።

"የተሰበረውን ትተሽልኝ ትሄጃለሽ?"

"ምን ያደርግልዎታል?"

"ከስባሪውም ሁለት ማረሻ አይጠፋም። አይደለም እንዴ፣ እሱባለው?"

"ሦስት" ይላል እሱባለው፣ መዶሻውን እያስቀመጠ።

ሾፌሩ ባሌስትራውን ይዞ መኪናዋ ሥር ይገባል። ዘይት ተቀብቶ፣ እየተራገመ፣ ብረቱን ለውጦ ሲወጣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ገና ይንኳኳል። መስከረም ከጎኑ ትቀመጣለች። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ይነሳል።

በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱን ሰዎች ታያቸዋለች። በግ እንደሚገዛ ሰው አዲሷን መኪና እየዞሩ ያያሉ። እሱባለው ጎንበስ ብሎ ሥሯን ይመለከታል፤ የፊት መከላከያዋን በመዶሻው እጀታ መታ መታ ያደርጋል። የፕላስቲክ ድምፅ ነው።

"እሷስ ምን ይወጣታል?" ይላሉ አያ አዱኛ።

"የዶሮ ውሃ ማጠጫ።"

መኪናዋ ትንቀሳቀሳለች። ወኪሉ መሐረቡን አውጥቶ፣ እጀታው የነካውን ቦታ ይጠርጋል።