ሦስት፣ አራት፣ ስንት?

«ደግሞ ይሄ ኤክስ ምን ቤት ነው?» አለ ፌንጣ፣ የእህቱን የሒሳብ ደብተር ገልጦ እርሳሱን ጆሮው ላይ እየሰካ።

«እኔም እሱ ነው ያልገባኝ፣ ወንድም ጋሼ» አለች እህቱ። «መምህሩ የሠራልን ምሳሌ ከጎኑ አለ፤ እስቲ እየውና አስረዳኝ።» ሰሃን ልታጥብ ተነሣች። «ሱሪህን አጥቤዋለሁ። ኪሱ ውስጥ የነበረችውን ወረቀት መስኮቱ ላይ አድርጌልሃለሁ።»

ፌንጣ ክው አለ። ወረቀቷ ግን እንደታጠፈች ናት። እፎይ አለ።

ሴራሚክ አንጣፊ ነው። አንድ ቦታ ስለማይረጋ የሥራ ጓደኞቹ ፌንጣ አሉት። ከስድስተኛ ክፍል አጥር ዘሎ እንደወጣ አልተመለሰም። ለእህቱ የነገራት ግን ሌላ ነው፦ አሥረኛን ጨርሷል፣ በሒሳብ የሚደርስበት አልነበረም።

ትናንት መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን በጽሑፍ ሒሳብ ፈትኖ ነበር። ፌንጣ ከስሙ በቀር የጻፈው የለም። ፎርማኑ የድጋሚውን ቀን ጫፉ ላይ ጽፎ ወረቀቱን መለሰለት፦ «የዛሬ ወር ሰኞ ድጋሚ አለ። ያኔም ከወደቅህ ሴራሚኩን ትተህ ሲሚንቶ ትሸከማለህ።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ለእህቱ ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ቤት ሥራ ይጠብቀዋል። መጽሐፍ ስላልደረሳቸው ከሰሌዳ በእጇ ገልብጣ ነው የምታመጣው። ወለል ስድስት በአራት ሜትር ቢሆን ስንት ካሬ ሴራሚክ ይፈጃል? ሲሳሳት «እርግጠኛ ነህ? እስቲ ድገምልኝ፣ እኔ ደደብ ነኝ» ትለዋለች። ሲደግምላት ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል።

አንድ ቀን «አንዱ ጎን ሦስት፣ ሌላው አራት፤ ሰያፉስ?» ብላ አነበበች።

«አምስት!»

«ሳትጽፍ?»

«በሲባጎ ስወጥረው የኖርኩት ማዕዘን አይደል እንዴ!»

ሳቀች። እሱ ግን አንገቱን ደፋ። ኤክስን እየለመደው ነው፤ በማን ኪሳራ? ይህች ልጅ አንድ ጥያቄ እንኳ ራሷ ሠርታ አታውቅም። እሱ በእሷ ደብተር ሲማር እሷ ባዶዋን ልትቀር ነው። ስንቴ ሊነግራት አስቦ ስንቴ ለነገ አሳደረው።

ድጋሚው ሦስት ቀን ሲቀረው የውጤት ካርድ መቀበያ ሆነ፤ ወላጅ ይምጣ ተባለ። ከእሱ ሌላ ማን አላት? በሲሚንቶ የነጣ ጫማውን ከወንበሩ ስር ደብቆ ተራውን ጠበቀ። የሒሳብ መምህሩ ስሟን ሲጠራ ብድግ አለ።

«ቲቸር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፣ ካርዱን ሳይቀበል። «የሒሳብ ቤት ሥራዋን የምሠራው እኔ ነኝ። እሷን አይቅጧት።»

መምህሩ ካርዱን አየ፤ እሱን አየ።

«የምን ቤት ሥራ፣ ወንድሜ? በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ እኮ ናት። እንዲያውም ‹አንድ ትልቅ ሰው አስጠናለሁ፣ እንዳያፍርብኝ› እያለች በየዕረፍቱ ጥያቄ የምታወጣለት እዚሁ ከኔ ጋር ነው። ሰውየው ሰኞ ፈተና አለበት ብላኛለች። ታውቀዋለህ?»