እፍ በል

ልጇ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናት በር ላይ ጠብቃ «እስቲ እፍ በል» ትለዋለች። ሁለት ወር ሙሉ አፉ አረቄ አረቄ ሲሸታት ከርሟል። የክፍሉ ጉልበተኞች ከአጥሩ ጀርባ ወስደው፣ እጁን ጠፍረው ይዘው ይግቱታል። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ደጅ ብትጠናም «እንከታተላለን» ከማለት በቀር ጠብ ያለላት ነገር የለም።

ዛሬ እፍ ሲልባት ምንም አልሸተታትም።

«ተመስገን! ተዉህ?»

«ተዉኝ።»

እልል ልትል ምንም አልቀራት። አቅፋ ልትስመው ስትል ግን ክንዱ ላይ ደም የቋጠረ የጥፍር ጭረት አየች።

«ውይ ቃለአብ! ደግሞ ይሄን ማን አደረገህ?»

ልጁ አንገቱን ደፋ።

«አዲስ ልጅ መጥቷል እማዬ። እሱን ሲያጠጡት እጁን ያዝ አሉኝ። ሲታገለኝ ነው የቧጨረኝ።»