አላረገዝኩም

የወር አበባዋ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ጡቶቿ ይጠጥራሉ፤ የቀሚሷ ጨርቅ እንኳ ሲነካት ያማታል። በዚያ ማለዳ ሙቅ ፎጣ ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ሳለ አማቷ ወይዘሮ ዘነቡ ገብተው አዩዋትና እልልታቸውን አቀለጡት።

«ጡትሽ ከጠጠረማ አርግዘሻል! በተጋባችሁ በስድስተኛ ዓመቱ አምላክ ሰማኝ!»

«አላረገዝኩም፣ እማማ። የጤና ጣቢያዋን ነርስ ጠይቄያታለሁ። የወር አበባ ሲቃረብ በሰውነት ውስጥ ያለው ሆርሞን ይለዋወጣል፤ ጡት የሚያብጠውና የሚያመው ለዚያ ነው። የወር አበባዬ ሲመጣ ይለቀኛል። እስከዚያው ደገፍ የሚያደርግ ጡት መያዣና ሙቅ ፎጣ ያስታግስልኛል።»

የወይዘሮ ዘነቡ ፊት ጠቆረ። «እንግዲያው መካን ነሻ! ለልጄ የምትወልድለት ሌላ እፈልጋለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንገቷን ደፍታ ታለቅስ ነበር። ዛሬ ግን ፎጣውን አስቀምጣ ተነሳች።

«ይፈልጉለት! እኔን ግን ከእንግዲህ መካን አይበሉኝ። ሦስት ሐኪሞች መርምረውኝ ሦስቱም ጤነኛ ነሽ ብለውኛል። ጸበሉንም ሐኪም ቤቱንም ብቻዬን ነው የተመላለስኩት። ልጅዎ አንድ ቀን እንኳ አልተመረመረም። ይመርመርና ያን ጊዜ ይናገሩኝ!»

«የኔን ልጅ?» ብለው ወይዘሮ ዘነቡ ለጥፊ እጃቸውን ሰነዘሩ። በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ የነበረው ባሏ አዳሙ ፈጠን ብሎ የእናቱን እጅ ያዘ።

«ተመርምሬያለሁ፣ እማዬ። የማልወልደው እኔ ነኝ» አለ፣ ወደ ሚስቱ ሳያይ። «ያወቅሁትም ሳላገባት በፊት ነው።»